አቶ ኩርፊያና ልብስ ሰፊው

ጋሼ ሲስቁ መጀመሪያ የሚስቀው ሆዳቸው ነው። አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ሜትር ከሆዳቸው ጋር ሽቅብ ቁልቁል ይላል፤ ከዚያ ትከሻቸው ይከተላል፤ ድምፃቸው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ልብስ ሰፊ ናቸው። እኔ እዚያው ሱቃቸው ውስጥ ቁልፍ እተክላለሁ፣ የቁልፍ ቀዳዳ እሰፋለሁ፣ የልብስ ጫፍ እዘመዝማለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ስንሠራ እንደዚያ አድርጎ የሚያስቃቸው አንድ ፍጡር ብቻ ነው ያየሁት፤ እሱም ድመት ነው። ያውም እውነተኛ ድመት እንዳይመስላችሁ። የድሮ ጋዜጣ ላይ የተሣለ ድመት።

ሱቁ አንድ ክፍል ነው። መሀሉን ትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛ ይዞታል፤ በመስኮቱ በኩል ሁለት የስፌት መኪና አለ፤ ካውያው ጥግ ላይ ነው። በስተኋላ ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ምስማር ነው። በየምስማሩ ላይ የደንበኞች የወረቀት ቅድ ተንጠልጥሏል። ጋሼ ጨርቅ ላይ መቀስ ከማሳረፋቸው በፊት የልብሱን ቅርጽ በወረቀት ይቆርጣሉ። እጅጌው ለብቻ፣ ፊቱ ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ፣ ኮሌታው ለብቻ። ከዚያ ወረቀቱን ጨርቁ ላይ በስፒል ይዘው ዙሪያውን ይቆርጣሉ። ሥራው ሲያልቅ ቅዱ አይጣልም፤ ደንበኛው ተመልሶ ሲመጣ ልኬቱ ግድግዳው ላይ ይጠብቀዋል። እርግጥ ብዙው ሰው ወፍሮ ነው የሚመለሰው።

ለቅድ የሚሆን ወረቀት ውድ ስለሆነ ጋሼ ድሮም የሚጠቀሙት ጋዜጣ ነው። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ተዘጋ። ማተሚያ ቤቱ መጋዘኑን ሲያጸዳ አንድ ትልቅ ጆንያ ሙሉ የድሮ እትም ገዝተው በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። መጀመሪያ ላይ ሳያዩ ነበር የሚቆርጡት። አንድ ቀን ግን ኮሌታ ሲሥሉ ዓይናቸው ከገጹ ግርጌ አረፈ። አራት ሳጥን ሥዕል ነበር። በአራቱም ሳጥን ውስጥ ያለው አንድ ወፍራም ድመት ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። አንደኛው ሳጥን ጀርባ፣ ሁለተኛው ጀርባ፣ ሦስተኛው ጀርባ። አራተኛውም ጀርባ ነው፣ ግን የወተት ክዳን ሲከፈት ሰምቶ አንድ ጆሮው ብቻ ዞሯል። ጋሼ ከሳቃቸው ብዛት ጠመኔው አምልጧቸው የዚያ ደንበኛ ኮሌታ እስከ ዛሬ ጠማማ ነው ይላሉ።

የድመቱ ስም አቶ ኩርፊያ ይባላል። ከአንዲት ባልቴት ጋር ነው የሚኖረው። ሥራው ማኩረፍ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሼ ጆንያውን ዘርግፈው፣ የእያንዳንዱን ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አገላብጠው፣ አቶ ኩርፊያን በመቀስ እያወጡ በድሮ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጡት። ቀሪው ጋዜጣ ሱሪና ካፖርት ይሆናል። አቶ ኩርፊያ ግን አይቆረጥም።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሻይ ይመጣል። ያኔ መኪናው ይቆማል፣ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩም ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ ይገባል፣ ጋሼ ከቆርቆሮው አንዱን ያወጡና ያነቡልናል። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ነው ትምህርት ያቆምኩት፤ ማንበብ አይጠፋኝም፣ ግን ቀስ እላለሁ፤ ቀልድ ደግሞ ቀስ ሲሉበት ይበላሻል። ጋሼ ሲያነቡ የባልቴቷን ድምፅ ቀጭን፣ የድመቱን ወፍራም ያደርጉታል። አይጥ ካለችበት ያቺን በፉጨት ነው። አንዱን በቃሌ ይዤዋለሁ። አይጥ መጥታ በፊትህ ልለፍ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። ዛሬ ሥራ ላይ አይደለሁም፣ አኩርፌያለሁ፣ ነገ ነይ ይላታል። ትናንትም እንደዚሁ ነው ያልከኝ ስትለው፣ እንግዲያው ቅሬታሽን በጽሑፍ አቅርቢ ይላታል። በመጨረሻው ሳጥን አይጧ እርሳስ ይዛ ቁጭ ብላለች። ፀጉር አስተካካዩ ይህን መቶ ጊዜ ሰምቶታል፤ መቶውንም ጊዜ ሻዩ በአፍንጫው ወጥቷል።

እንግዲህ ከሁሉም የሚወደደው ባለ ሰባት ሳምንቱ ታሪክ ነው። ባልቴቷ ድመቱን ሳታማክር አዲስ ወንበር ገዝታ ትመጣለች። እሱ ይናደዳል። ሻንጣውን ይሸክፋል፤ ሻንጣው ውስጥ ያለው አንድ ትራስ ብቻ ነው። ከቤት ይወጣል። በጣሪያ ላይ ያድራል፣ ባቡር ጣቢያ ይቀመጣል፣ ኮፍያ ሻጭ ቤት ገብቶ ኮፍያ መስሎ ይተኛል፣ አንድ ሰውዬ ራስ ላይ ተደርጎ እስከ ቢሮ ድረስ ይሄዳል። የስድስተኛው ሳምንት ሥዕል ግርጌ ላይ «መጨረሻው በሚቀጥለው ሳምንት» ይላል። የሚቀጥለው ሳምንት ግን ቆርቆሮው ውስጥ የለም። ጋሼ ድመቱን ሳያውቁት በፊት ቆርጠውት ይሁን፣ ጆንያው ውስጥ ሳይኖር ቀርቶ ይሁን አይታወቅም። ድመቱ ወደ ቤቱ ይመለስ አይመለስ ሳናውቅ ዓመታት አለፉ።

ይህ ነገር ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር፣ ጋሼ ራሳቸው ባያኮርፉ።

አንድ ልጅ አለቻቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያ የመቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ገብታ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር፤ እኔ ስቀጠር አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ እግሯ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ሰው ያደናቅፍ ነበር። ልጅቷ ስትታጭ ጋሼ ለሠርግ ቀሚሷ ነጭ ሐር ገዝተው፣ በአንሶላ ጠቅልለው፣ ሳጥን ውስጥ አስቀመጡ። እሷ ደግሞ ያባቷ ዓይን እየደከመ መሆኑን አይታ፣ አላደክመውም ብላ፣ የተሰፋ ቀሚስ ከሱቅ ገዝታ መጣች። አዝናላቸው ነው ያደረገችው፤ እሷም እንደዚያ ብላ ነገረቻቸው። እሳቸው የሰሙት ግን «ደክመሃል» የሚለውን ብቻ ነው። ሠርጉ ላይ ተገኙ፣ በሉ፣ መረቁ፣ የቀሚሱን ጀርባ ስፌት ሁለት ጊዜ አዩ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ዓመት ከአምስት ወር የልጃቸውን ደጅ አልረገጡም። ቤቷ በአውቶቡስ ሦስት ፌርማታ ነው። ሱቁ ድረስ ሦስት ጊዜ መጣች፤ ሦስቱንም ጊዜ ጋሼ መኪናውን እያስጮሁ አንገታቸውን ሳያቀኑ ሰላምታ ሰጧት። አራተኛ አልመጣችም። ማኩረፉን የወረሰችው ከሳቸው ነው።

አማችየው ግን ተስፋ አልቆረጠም። በየወሩ ሱሪ ይዞ ይመጣል፣ «አባባ፣ ትንሽ ይጠርልኝ» ይላል። የሚያጥር ሱሪ የለውም፤ ሰላም ለማለት ነው። ጋሼም ያውቃሉ፣ ግን ሥራ ሥራ ነው ብለው ያሳጥሩለታል። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲያይ በዚህ አያያዙ ልጁ እስከ ዓመቱ ድረስ በቁምጣ ሥራ ሊገባ ነው አለ።

ያው ፀጉር አስተካካይ አንድ ቀን ሻይ ላይ ደፈራቸው። «ጋሼ፣ ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባላል፣ እርስዎ ግን የድመቱን ዓመል ወስደው መነኮሱበት» አላቸው።

ጋሼ አልተቆጡም። ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፣ «መሄድ ቀላል ነው፤ አኩርፎ የሄደ ሰው እንዴት እንደሚመለስ ነው የማላውቀው። ምን ብዬ በሩን ላንኳኳ? እሱ ከተመለሰ እኔም እመለሳለሁ» ብለው በአገጫቸው ወደ ቆርቆሮው ጠቆሙ። ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ሆዳቸውም አልተነቃነቀም።

ባለፈው ወር አማችየው ሱሪ ሳይዝ መጣ። ባዶ እጁን ሲገባ ጋሼም ደነገጡ። ሚስቱ አርግዛ ስድስት ወር እንደሆናት ነገራቸው። ከዚያ እየፈራ የተላከበትን ተናገረ፦ ልጅ ሳለች አባቷ የሰፉላት አንዲት ሰደርያ ነበረች፣ አራት ቁልፍ ያላት፣ ቡናማ። ለሚወለደው ልጅ፣ ሲያድግ፣ እንደዚያች ያለ ልታሰፋ ትፈልጋለች። ቅዱ ካለ ስጠኝ በልልኝ ብላለች።

ጋሼ መቀሳቸውን አንስተው ወደ ጨርቃቸው ዞሩ። ቀጥለው፣ የተሰፋ ከሱቅ ትግዛ፣ እሱን ታውቅበታለች አሉ። አማችየው አቀርቅሮ ወጣ። እኔም እንደ ልማዴ ዝም አልኩ፤ ዝም አይነቅዝም። ሲወጣ ግን ተከትዬ በር ላይ ቅዳሜ ተመልሰህ ና አልኩት።

የልጅቷ የልጅነት ቅዶች ከደንበኞቹ ጋር ግድግዳ ላይ አይደሉም። ጋሼ በትራስ ልብስ ጠቅልለው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነው ያስቀመጧቸው፤ ከሠርጉ ወዲህ ደግሞ የሚነካቸው የለም። በማግሥቱ ጋሼ ክር ሊገዙ ሲወጡ ወንበር ላይ ቆሜ አወረድኩት። የትምህርት ቤት ቀሚስ፣ ካፖርት፣ የአሻንጉሊት ቀሚስ ሳይቀር አለ። ከሥር ሰደርያዋን አገኘሁ፦ ጀርባዋ አንድ፣ ፊቷ ግራና ቀኝ ሁለት። ሁለቱን የፊት ቁራጮች ስዘረጋ ከግርጌያቸው አቶ ኩርፊያ ቁጭ ብሏል።

ጋሼ ሲመለሱ ጠረጴዛው ላይ አገኙት። ማን አወረደው ብለው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ ድመቱን አዩ፣ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ቆርቆሮውን አምጥተው ስድስቱን ሳምንት በተርታ ደረደሩ። ይህኛውን አይተነው አናውቅም፤ የጎደለው ሰባተኛው ይኸው ነበር። ከጆንያው መጀመሪያ ከወጡት ጋዜጦች በአንዱ፣ ድመቱን ገና ሳያውቁት፣ ለስድስት ዓመት ልጃቸው ሰደርያ ቆርጠውበታል።

መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ቁራጮች ጎን ለጎን አጋጠሙ። እኔም ካጠገባቸው ቆምኩ። አራት ሳጥን ነው፤ ሁለቱ በአንዱ ቁራጭ፣ ሁለቱ በሌላው። ሠዓሊው በዚህኛው አንድ ቃል አልጻፈበትም። በመጀመሪያው ሳጥን ድመቱ ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። በሁለተኛው አዲሱ ወንበር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። በሦስተኛው ረዥም መንገድ አለ፤ ድመቱ ከሩቅ ነጥብ አክሎ ይታያል። በአራተኛው ባልቴቷ ብቻዋን በመስኮት ታያለች።

«አየሽ ቁልፊት» አሉኝ፤ የሚጠሩኝ እንደዚያ ነው። «መጣ፣ ተቀመጠ፣ አልሆነለትም። ሄደ።»

ወረቀቶቹን አጥፈው አስቀመጡ። በማግሥቱ አራት ሰዓት ላይ ሻይ መጣ፣ ቆርቆሮው አልተከፈተም። በሦስተኛው ቀንም አልተከፈተም። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን እንደያዘ ገብቶ፣ ሁኔታቸውን አይቶ፣ ሻዩን ቆሞ ጠጥቶ ወጣ። ጋሼ ቀኑን ሙሉ የሚናገሩት ልኬት ብቻ ሆነ። ወገብ ሰማንያ አራት። ትከሻ አርባ ሁለት። በቃ።

እኔ ለአማችየው ቃል ሰጥቻለሁ። ድመቱ ሄደ አልሄደ ልጅቷ ቅዱን ጠይቃለች። አርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰደርያዋን በአዲስ ወረቀት ልገለብጥላት ተቀመጥኩ። ዙሪያውን በእርሳስ ዞርኩ። ቀጥሎ የኔ ድርሻ ነው፤ ቁልፎቹ የሚመጡበትን ቦታ ምልክት ማድረግ። ቁልፍ የሚተከለው ሁለቱ ፊቶች መሀል ላይ በሚገናኙበት ቀጥ ያለ ጠርዝ ላይ ነው። በዚያ ጠርዝ ላይ እርሳሴን ሳሳርፍ ነጭ አየሁ። ጣት የሚያህል፣ ሕትመት ያልነካው ነጭ። ሌላኛውን ቁራጭ አየሁ፤ የሱም ቀጥ ያለ ጠርዝ ነጭ ነው። ደግሞ መቀስም አልነካውም። የጋሼ መቀስ ተዘግቶ ሲከፈት ትንሽ ጥርስ ይተዋል፣ አውቀዋለሁ፤ ይህ ግን ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነው።

ተነስቼ ከክምሩ አንድ ሙሉ ጋዜጣ አመጣሁ። ነጩ ያለው በግራ ዳርና በቀኝ ዳር ነው። መሀሉ ላይ የለም።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ጋዜጣ ሆዱ ላይ ነጭ ጠርዝ አለው?»

«ምን ሊሠራለት? የለውም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

መጥተው ጎንበስ አሉ። ቁራጩን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ዓይናቸው ቢደክምም ጣታቸው ያያል። ቆይተው መሳቅ ጀመሩ፣ ግን በአፍንጫቸው ብቻ። ትዝ አላቸው። ያኔ ቀጥ ያለ መስመር ከመቁረጥ የጋዜጣው ዳር ራሱ ቀጥ ያለ ነው ብለው፣ የግራውን ዳር ለአንዱ ፊት፣ የቀኙን ዳር ለሌላው የቁልፍ ጠርዝ አድርገውታል። በመቀስ ሁለቴ ከመቁረጥ ለመዳን። እንግዲህ ጋዜጣው ላይ ቀጥ ያሉት ጠርዞች ዳርና ዳር ነበሩ፤ ሰደርያ ሲሆን ግን መሀል ላይ ይገናኛሉ። እኛም ሁለታችን ዕድሜያችንን ሙሉ ልብስ ስንገጥም ኖረን፣ የድመቱን ታሪክ እንደ ሰደርያ ገጥመን አነበብነው። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው ቀድሞ።

ጋሼ ቁራጮቹን አቀያየሩ። አሁን መጀመሪያ የሚመጣው ረዥሙ መንገድ ሆነ፣ ድመቱ ከሩቅ ነጥብ አክሎ። ከዚያ ባልቴቷ በመስኮት እያየች። ከዚያ ድመቱ ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ። በመጨረሻው ሳጥን ድመቱ አዲሱ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

«ተመልሷል» አልኩ።

«ተመልሷል» አሉ። ወደ ወረቀቱ ይበልጥ ጎንበስ አሉ። «ተመልሶም ግን እንዳኮረፈ ነው።»

ያኔ ነው ሆዳቸው የጀመረው። ሜትሩ ሽቅብ ቁልቁል አለ፣ ትከሻቸው ተከተለ፣ ድምፃቸው ሲመጣ ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ራሱን የተላጨ ደንበኛ አስቀምጦ እየሮጠ መጣ። ጋሼ እንባቸውን እየጠረጉ አስረዱት። እኔ ሞኝ፣ ለመመለስ መጀመሪያ ኩርፊያን መተው ያስፈልጋል ብዬ ዓመት ከአምስት ወር ቁጭ ብዬ እንዲለቀኝ ስጠብቅ፣ ለካ ይዞት መሄድ ይቻላል አሉ። ፀጉር አስተካካዩ ሻንጣም አያስፈልግም ብሎ መረቀላቸው።

ቅዳሜ አማችየው ሲመጣ ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው፣ ፂማቸውን ተላጭተው፣ በር ላይ ቆመው ነበር የጠበቁት። ልጁ መጀመሪያ ሰው የሞተ መሰለው። ቅዱን እኔ ጠቅልዬ ያዝኩና ሦስታችን አውቶቡስ ተሳፈርን። የልጅቷ ቤት ደረጃ ላይ ጋሼ ሁለቴ ቆሙ፤ አንዴ ለትንፋሽ፣ አንዴ ለሌላ ነገር።

በሩን ራሷ ከፈተች። ሆዷ ገፍቷል፤ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች። ያባቷን ፊት አየች፣ የኔን አየች፣ ተመልሳ ያባቷን አየች።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አኩርፌያለሁ» አሏት።

«አውቃለሁ አባዬ» አለች። «ግባና አኩርፍ።»

ገቡ። ያሳየቻቸው ቦታ ላይ ተቀመጡ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፣ እውነትም አኮረፉ። እኛ ሦስታችን ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ዝናቡ እያወራን እንዳላየናቸው ሆንን። ልጅቷ ወረቀቶቹን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ድመቱን ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ በቀስታ የተሳሳትነውን ስነግራት ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር፤ እያለቀሰች መስሎኝ ደንግጬ ነበር፣ ስትስቅ ነው። የሷም ድምፅ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ጋሼ ዘወር ሳይሉ፣ ከመስኮቱ በኩል፣ «ባልቴቷ ስትቀበለው ምን አለችው? ሠዓሊው እሱን አልሣለውም» አሉ።

«ሾርባ ትጠጣለህ ወይ ነው ያለችው» አለች ልጃቸው።

ሁለት ሳህን ጠጡ። የሠርጉን ነገር ማንም አላነሳም። ስንወጣ ከልጃቸው ጋር በሩ ላይ ጥቂት ቆዩ፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፣ መስማትም አልነበረብኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ጋሼ ፊታቸው ጨፍግጎ ነበር። አሁን ደግሞ ምን ሆነው ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ለካ መጋረጃው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ መስኮቱን ሲያዩ ያዩት እሱን ነበር፤ የግራው ከቀኙ በሁለት ጣት ያጥራል፣ ግርጌው የተሰፋው በጥቁር ክር ነው፣ እንዴት ሰው እንደዚህ ያለ መጋረጃ ሰቅሎ ልጅ ይወልዳል አሉ። ማክሰኞ መርፌና ነጭ ክር ይዘው ይሄዳሉ። ማክሰኞ ካላለቀም ሐሙስ።